ባለ ሰባት ሹል ጣሪያው ቤት፦ መጽሐፉን አንብባችሁ ሂዱ

ቦስተንና አካባቢዋ ለምትኖሩ፣ ወይም ዘመድ ጥየቃ ወደዚህ ለምትመጡ፣ አንድ ቦታ ልጠቁማችሁ። ሳሌም ከተማ፣ ደርቢ ጎዳና፣ ባሕሩ ዳር የቆመ ጠቆር ያለ የእንጨት ቤት አለ። «ዘ ሃውስ ኦፍ ዘ ሰቨን ጌብልስ» ይሉታል። ሰባት ሹል ጣሪያ ስላለው ነው ስሙ። ቤቱ ሙዚየም ነው፣ በክፍያ ይገባል፣ አስጎብኚ ይዞ ያዞራችኋል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ገንዘቡ አይቆጭም። ግን ናትናኤል ሃውቶርን በዚሁ ስም በ1851 ያሳተመውን ልቦለድ ሳታነቡ ከሄዳችሁ ቤቱን በግማሽ ነው የምታዩት። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ያለ መጽሐፉ ቤቱ የሀብታም ነጋዴ ቤት ነው፣ በቃ። ጆን ተርነር የሚባል የባሕር ንግድ ሰው በ1668 አሠራው። ልጁ ክፍሎቹን በጊዜው ፋሽን በጣውላ አስለበጠ። የልጅ ልጁ ሀብቱን ጨረሰው። በ1782 ደግሞ ሳሙኤል ኢንገርሶል የተባለ የመርከብ አዛዥ ገዛው። ዝቅ ያለ ኮርኒስ፣ ወፋፍራም ወራጆች፣ ሰው የሚያስገባ ምድጃ፣ የድሮ ዕቃ። ደስ ይላል፣ ግን በዚያ አካባቢ እንዲህ ያለ አሮጌ ቤት ሞልቷል።

ነገሩ የሚለወጠው በኢንገርሶል ልጅ በሱዛና ነው። ሱዛና የሃውቶርን ዘመድ ነበረች። ሳታገባ እዚያው ቤት እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1858 ድረስ ኖረች። ሃውቶርን እየመጣ ይጠይቃት ነበር። እሱ በሚመላለስበት ጊዜ ግን ቤቱ ሰባት ሹል አልነበረውም። ፋሽን ሲለወጥ አብዛኛው ተነስቶ ሦስት ብቻ ቀርቶ ነበር። ድሮ ሰባት እንደነበረ የነገረችው እሷ ናት ይባላል። እሱም የፈረሰውን ጣሪያ በወረቀት ላይ መልሶ ሠራው። ከዚያ ካሮላይን ኤመርተን የምትባል በጎ አድራጊ በ1908 ቤቱን ገዝታ አሳደሰችው። የጠፉትን ሹሎች መለሰች፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሱቅም ጨመረች፣ በ1910 ለጎብኚ ከፈተችው። ማለት መጽሐፉ ከቤቱ ተወሰደ፣ ቤቱ ደግሞ ዞሮ መጽሐፉን እንዲመስል ተደረገ። ይህን ሲሰማ ቅር የሚለው ሰው አለ፤ «እውነተኛው አይደለማ!» ይላል። እኔን ቅር አላለኝም። እንዲያውም ቤቱ ውስጥ ከሁሉ ልቤን የነካችው ክፍል ያቺ ኋላ የተጨመረችው ሱቅ ናት። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ታሪኩ። የሚጀምረው በመሬት ነው፣ የመሬት ክርክር ባለበት ቤተሰብ ያደገ አበሻ ከመጀመሪያው ገጽ ይገባዋል። ማቲው ሞል የሚባል ተራ ሰው ጥሩ ምንጭ ያለበት ቦታ ላይ ጫካ መንጥሮ ጎጆ ይቀልሳል። ኮሎኔል ፒንቸን የሚባል ባለሥልጣን ቦታው ያምረውና መንግሥት የሰጠኝ የእኔ ነው ይላል። ሞል ሞቼ እገኛለሁ ብሎ አይለቅም። እንዲህ ሲከራከሩ የጥንቆላ ክስ ዘመን ይመጣል። ሞል ጠንቋይ ተብሎ ይሰቀላል። ይሰቀል ብለው ከጮሁት ውስጥ የኮሎኔሉ ድምፅ ጎልቶ ነበር። ሞል ገመዱ አንገቱ ላይ እንዳለ በጣቱ አመለከተውና እግዚአብሔር ደም ያጠጣሃል አለው።

ኮሎኔሉ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የሞል ጎጆ በነበረበት እዚያው ላይ ትልቁን ቤት አቆመ። ዋናው አናጢ ማን መሰላችሁ? የተሰቀለው ሰው ልጅ! ቤቱ ሲመረቅ በሬ ተጠብሶ፣ መጠጡ ተዘርግቶ፣ ትልቁም ትንሹም ተጠርቶ፣ ጋባዡ ግን ከክፍሉ አልወጣ አለ። ከፍተው ሲገቡ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ አገኙት፣ ጢሙና አንገትጌው ደም ነክቶታል። ያ ጣፋጭ ምንጭም ከዚያ በኋላ ተበላሸ፣ ከጉድጓዱ የሚጠጣ ሰው ሆዱን ይታመማል።

ይህ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። እዚያው ሳሌም ውስጥ በ1692 19 ሰዎች በጥንቆላ ተከሰው ተሰቅለዋል። ከዳኞቹ አንዱ ጆን ሃቶርን የደራሲው የቅድመ አያቱ አባት ነው። እርግማኑም ቢሆን ሣራ ጉድ የተባለችው ሟች መስቀያው ላይ ሆና ኒኮላስ ኖይስ ለተባለው ሰባኪ እንደተናገረችው የሚተረከው ነው። ሃውቶርን የሌላ ሰው ቤት አስመስሎ የራሱን ዘር ነው የጻፈው። ለዚህ ነው መጽሐፉ ውስጥ ያ ቤት ሲነሳ ብዕሩ የሚከብደው።

ገና ሲጀምር ተራኪው የቤቱ ገጽታ እንደ ሰው ፊት ሆኖ ይታየኛል ይላል። ሁለተኛው ፎቅ ከታችኛው ወጣ ብሎ ስለተንጠለጠለ ቤቱ ሐሳብ የያዘው ይመስላል፣ ምስጢር እንዳለው ሳይጠረጥር የሚያልፈው የለም ይላል። ሳሌም ስትሄዱ ከመግባታችሁ በፊት ውጭ ቆማችሁ ወደ ላይ እዩ። ያ ወጣ ያለው ፎቅ እውነትም አለ፣ እውነትም ቅንድቡን የቋጠረ ሰው ነው የሚመስለው።

በመጽሐፉ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለት ነገር አለ፣ ሥዕልና መስተዋት። ሥዕሉ የኮሎኔሉ ነው፣ ከሞተበት ወንበር በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ እንዳይነሳ ኑዛዜ አለበት። ከእሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ሁሉ በዚያ ፊት ሥር ነው የሚበላው፣ የሚጣላው፣ የሚታመመው። መስተዋቱ ከዚያም ይብሳል። ፊቱ የደበዘዘ ትልቅ መስተዋት ነው፣ በፊቱ ያለፈውን ሰው ሁሉ በሆዱ ይዟል ይባላል። የሞል ዘሮች ካነቃቁት የሞቱት ፒንቸኖች አንድ በአንድ ይታዩበታል፣ እንደ ፎቶ አምረው ሳይሆን ክፉ ሲሠሩ ወይም የሕይወታቸው መራራ ቀን ላይ እንዳሉ። አንድ ደራሲ ቤትና ቤተሰብን ለማገናኘት ከዚህ የተሻለ ዕቃ ያመጣል ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ ሄፕዚባ። ሄፕዚባ ፒንቸን ስልሳ ገደማ የሆናት ያላገባች ሴት ናት፣ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በሯን ዘግታ ከሰው ሳትቀላቀል ኖራለች። ሰፈሩ ክፉ ናት ይላታል፣ ሁልጊዜ ተኮሳትራ ነው የምታየው። ጉዳዩ ዓይኗ ነው፤ ሩቅ አይታያትም፣ ለማየት ስትጣጣር ግንባሯ ይቋጠራል። መስተዋት ባየች ቁጥር ግን እሷም ራሷ ያንን ኩስትርትር ፊት አምና መቀበል ጀምራለች። እዚህ ላይ ሃውቶርን ቤቱንና ሴትዮዋን አንድ አደረጋቸው፦ ሁለቱም መንገደኛ የሚሸሻቸው፣ ሁለቱም ውስጣቸው ተጎድቶ ያረጀ።

ገንዘቡ አልቋል፣ የሚበላ የለም። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የቸገረው ፒንቸን ግድግዳውን ቀዶ ወደ መንገድ በር አውጥቶ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ዘመድ ሁሉ አፈረበት፣ ሲሞት በሩ ተቀረቀረ፣ ስለ እሱ ማውራትም ነውር ሆነ። ሄፕዚባ ያንን በር ነው የምትከፍተው። ዱቄት፣ ፖም፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ባቄላ፣ ክብሪት፣ ለልጆች ዝንጅብል ብስኩት ትደረድራለች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ዕቃ ስታስተካክል አንድ ብርጭቆ ብይ ትገለብጣለች። ብዮቹ በየጥጋጥጉ ይንከባለላሉ። የባላባት ዘር ነኝ ስትል የኖረችው ሴት በጉልበቷ እየዳኸች ወለል ላይ ብይ ትለቅማለች። ሃውቶርን አይስቅባትም። ሳቅ የሚመጣባችሁ እናንተ ናችሁ፣ እሱ ደግሞ ወዲያው ሳቃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ ያስቀርባችኋል።

ከዚያ የበሩ ደወል ይንጫረራል። አንድ ሕፃን ልጅ ሳንቲም ይዞ ብስኩት ሊገዛ መጥቷል። ከልጅ እጅ ሳንቲም መቀበል ይተናነቃትና በነጻ ውሰድ ትለዋለች። ልጁ ብስኩቱን እንደዋጠ ተመልሶ ይመጣል፣ ሌላ ይፈልጋል። አሁን ትቀበለዋለች። የመዳቡ እድፍ ከመዳፏ ዳግም እንደማይለቅ ይነገረናል፣ የፒንቸን ባላባትነት በአንዲት ሳንቲም አበቃ። ቆይቶ ደግሞ ያልጠበቀችው ነገር ይሰማታል። ትንሽ ሞቅ ይላታል፣ ቁርሷ ላይ ሻይዋን ጠንከር አድርጋ ትጠጣለች። እኛ አገር «እንትና የደህና ሰው ልጅ ሱቅ ተቀመጠች» ሲባል በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚባል የሰማ ሰው ይህንን ምዕራፍ እንዲሁ አያልፈውም።

ስለዚህ መጽሐፍ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው እርግማኑን ነው። ለእኔ ግን ቤቱን ያዳነው ያ ደወል ነው። ለ160 ዓመት ገደማ ሥዕልና ወንበር የሚጠብቅ ቤት መጀመሪያ መተንፈስ የጀመረው የመንገዱ ሕዝብ ገብቶ ዱቄትና ክር ሲጠይቅ ነው። ወዲያው ከገጠር ፊቢ የምትባል የዘመድ ልጅ ትመጣለች። ሱቁን ትረከባለች፣ አቧራውን ትጠርጋለች፣ አበባ ቆርጣ ታስቀምጣለች፣ ሰው ይወዳታል። ፊቢ ፒንቸን ናት፣ ግን ሥራ አታፍርም። ሃውቶርን ምን እያለ እንደሆነ ግልጽ ነው፦ ቤቱ የሚመስለው የሚኖርበትን ሰው ነው፣ ሰው ሲለወጥ ፊቱ ይለወጣል።

ከዚህ ሌላ የማልረሳቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ጓሮው ውስጥ ያሉት ዶሮዎች ናቸው። ከቤተሰቡ ጋር አብረው የኖሩ የጥንት ዘር ዶሮዎች ናቸው፣ ከሌላ ሳይዳቀሉ ዘራቸውን ጠብቀው ጠብቀው እርግብ አክለው ቀርተዋል፣ ኩራታቸው ግን እንዳለ ነው። ሁለተኛው ባቡሩ ነው። የሄፕዚባ ወንድም ክሊፎርድ ባልሠራው ወንጀል 30 ዓመት ታስሮ የወጣ ሰው ነው። አንድ ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች ከቤቱ ያመልጣሉ፣ ባቡር ላይ ይወጣሉ። ክሊፎርድ እንደ ሕፃን ይፈነድቃል፣ የድንጋይና የጡብ ቤት የሰው ልጅ ዕድገት እንቅፋት ነው እያለ ከማያውቀው ተሳፋሪ ጋር ይከራከራል። ሄፕዚባ በመስኮት ታያለች። ሜዳ ያልፋል፣ መንደር ያልፋል፣ ለእሷ ግን የሚታያት ያው ሰባት ሹል ጣሪያ ነው፣ የተቀረቀረው የሱቅ መስኮት ነው። አገር ጥሎ የወጣ ሰው ይህንን ገጽ ሁለት ጊዜ ያነበዋል።

ስለ ሄፕዚባ ሀብታም ዘመድ ስለ ዳኛው ጃፍሪ ፒንቸን ብዙ አልናገርም፣ ላላነበበ ይበላሽበታል። ምዕራፍ 18ን ግን በሌሊት፣ በጸጥታ አንብቡት። ሌላ ምዕራፍ እንደዚያ የተጻፈ አላየሁም፦ አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ የኪስ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ የዕለቱ ቀጠሮዎች አንድ በአንድ ያልፋሉ።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም አልልም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ረጅም ነው፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ይጠመዘዛሉ፣ እንግሊዝኛውም የድሮ ነው። መሀል ላይ የአሊስ ፒንቸን ታሪክ ተነጥሎ ይተረካል፤ ራሱ ቆንጆ ነው፣ አባቷ ለመሬት ሰነድ ብሎ ልጁን አሳልፎ የሰጠበት ነው፣ ግን ዋናውን ጉዞ ያቆመዋል። ከሁሉ ቅር ያሰኘኝ መጨረሻው ነው። ከሄፕዚባ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ፎቶ አንሺ ሆልግሬቭ መጽሐፉን ሙሉ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ቤት ይሥራ፣ የአባቶች ቤት ወኅኒ ነው ሲል ከርሞ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተያይዘው ወደ ዳኛው የገጠር ቪላ ይገባሉ። ያ ቪላ በማን ገንዘብ ተሠራ? ሆልግሬቭም ይብስ ብሎ ምነው በድንጋይ በተሠራ ይላል። ደራሲው ለሰዎቹ ስለራራ ይመስለኛል፣ ግን ያን ሁሉ ገጽ ስለ ተወረሰ በደል ከጻፈ በኋላ ውርሱን በሰላም አስረክቦ መሄድ አልነበረበትም።

አሁን ወደ ጉብኝቱ። መጽሐፉን ይዛችሁ ስትገቡ ክፍሎቹ ሌላ ይሆናሉ። የነጋዴው ሒሳብ ቤት፣ የመመገቢያው ክፍል፣ ላይኛው ሰፊ መኝታ ቤት፣ ሁሉም ሰው ያለበት ይመስላል። ጣሪያው ሥር ስትወጡ የጥንቱን እንጨት በቅርብ ታያላችሁ። በጭስ ማውጫው ጎን የሚጠማዘዝ ምስጢራዊ ደረጃም አለ፣ ኤመርተን ቤቱን ስታሳድስ የተሠራ ነው፣ ልጆች የሚያብዱለት እሱ ነው። በጣም ጠባብ ስለሆነ ጉልበት የሚያማችሁ ወይም ጭንቅ ያለ ቦታ የማትወዱ ለአስጎብኚው አስቀድማችሁ ንገሩ። ሱቋ ውስጥ ስትደርሱ ግን አትቸኩሉ። ትንሽ ናት፣ ባንኮኒና መደርደሪያ ነው ያለው። እኔ እዚያ ቆሜ ስለዚያች ተንቀጥቃጭ እጅ ነው ያሰብኩት። ሄፕዚባ ኖራ እንደማታውቅ አውቃለሁ፣ ክፍሉም ከመጽሐፉ በኋላ እንደተሠራ አውቃለሁ፣ ምንም አልቀነሰብኝም።

አንድ ሌላ ነገር ስለ ኤመርተን። ቤቱን የገዛችው ለጎብኚ ብቻ ብላ አልነበረም። በዚያ ዘመን ደርቢ ጎዳና አካባቢ ብዙ ስደተኛ ሰፍሮ ነበር፣ በተለይ ከፖላንድ የመጡ። ከጉብኝቱ የሚገኘው ገንዘብ ለእነሱ ማገልገያ እንዲሆን ነው ድርጅቱን ያቋቋመችው፦ ለሙያ ትምህርት፣ ለእንግሊዝኛ፣ ለልጆቻቸው። በነጠቃ በተሠራ ቤት ታሪክ ከሚታወቅ ቦታ የሚገኝ ገንዘብ አዲስ ለመጣ ሰው መቋቋሚያ ሆነ። ይህን ሳውቅ ለቲኬቱ የከፈልኩት ገንዘብ ይበልጥ ደስ አለኝ። ከመጽሐፉ መጨረሻ ይልቅ ይህ ነው ለእኔ ትክክለኛው መጨረሻ።

ለመሄድ ላሰባችሁ። ከቦስተን ኖርዝ ስቴሽን በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከሳሌም ጣቢያ በእግር ይደረሳል። ጥቅምት ላይ፣ ማለት የፈረንጆቹ ኦክቶበር፣ ከተማው በሃሎዊን ሰው ስለሚጥለቀለቅ ሌላ ጊዜ ብትመርጡ ይሻላል። የግድ ከሆነ ቲኬቱን አስቀድማችሁ ኦንላይን ቁረጡ፣ መኪናም ባትይዙ። ፀደይ ወይም በጋ ላይ ከሆነ የአትክልት ቦታው ላይ ባሕሩን እያያችሁ ቁጭ ማለት ትችላላችሁ። ሃውቶርን በፈረንጆቹ ጁላይ 4 ቀን 1804 የተወለደበት ቤትም በ1958 ከነበረበት ተነስቶ እዚያው ግቢ ውስጥ ተተክሏል፣ አትለፉት። ከ1846 እስከ 1849 የሠራበት የጉምሩክ ቤት ደግሞ እዚያው ደርቢ ጎዳና ላይ ነው፣ ትንሽ መራመድ ነው። መጽሐፉን ለመግዛት አትጨነቁ፣ የደራሲ መብቱ ካበቃ ቆይቷል፣ በነጻ ይወርዳል፣ በድምፅም የተነበበ አለ። በመኪና ሥራ ለምትመላለሱ ድምፁ ይሻላችኋል፣ እነዚያ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች በጆሮ ሲሰሙ ይቀላሉ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ካስቸገራችሁ ታገሱት፣ ሁለተኛው ላይ ሄፕዚባ ትነሳለች።